«መዝገብዎ አልተገኘም»፦ ሆስፒታል የሕክምና መዝገብ ሲያጠፋ አቤቱታ የት፣ እንዴትና እስከ መቼ ይቀርባል?



አገር ቤት የታከመ ሰው ሁሉ ካርድ ክፍልን ያውቃል። በጠዋት ተሰልፈን የካርድ ቁጥራችንን በጠባቧ መስኮት እናቀብላለን፤ ሠራተኛው በመደርደሪያዎቹ መካከል ገብቶ እስኪመለስ ቆመን እንጠብቃለን። አንዳንድ ቀን ባዶ እጁን ይመለስና «ካርድዎ አልተገኘም፤ አዲስ ያውጡ» ይላል። እኛም ብዙ አንከራከርም። አዲስ ካርድ እናወጣለን፤ ሐኪሙም «ከዚህ በፊት ምን ያምዎት ነበር?» ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። የስንት ዓመት የምርመራ ውጤት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተዘጋ ማለት ነው።

ይህን ልማድ ይዘን ነው የተሰደድነው። ዛሬም በዋሽንግተን ወይም በለንደን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ የሆስፒታል ባንኮኒ ፊት ቆመን «መዝገብዎን ልናገኘው አልቻልንም» ስንባል፣ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለን የምንመለስ ብዙዎች ነን። ቋንቋው ያስፈራናል፤ «ነገረኛ» መባልም አንወድም። በምንኖርባቸው አብዛኞቹ አገሮች ግን ሕጉ ይህን አነጋገር እንደ መልስ አይቆጥረውም። ሆስፒታሉ መዝገቡን የመጠበቅ፣ ሲጠየቅ ኮፒውን የመስጠት፣ መስጠት ካልቻለም ምክንያቱን በጽሑፍ የማስረዳት ግዴታ አለበት። ይህን ግዴታ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤትም አለ። ይሁን እንጂ ያ መሥሪያ ቤት የሚንቀሳቀሰው ባለጉዳዩ በጊዜው፣ በጽሑፍ ሲያመለክት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አቤቱታው ለማን፣ እንዴትና እስከ መቼ እንደሚቀርብ ማሳየት ነው። ጽሑፉ የጠበቃን ምክር አይተካም፤ ወደ ጠበቃ ከመሄድዎ በፊት ግን ምን መያዝ እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

መዝገብ ሲጠፋ ስደተኛው ምን ያጣል?

መዝገብ መጥፋት ለማንም ጉዳት ነው። ለስደተኛ ግን ጉዳቱ ይበዛል፤ የቤተሰቡን የሕክምና ታሪክ የሚያውቅ የልጅነት ሐኪም አጠገቡ የለምና። ጥቂት ምሳሌዎች እንጥቀስ።

በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ሁለተኛ ስታረግዝ፣ ማህፀኗ በምን ዓይነት አቆራረጥ እንደተከፈተ ሐኪሟ ማወቅ ይፈልጋል። ውጭ የሚታየው ጠባሳ ይህን አይናገርም፤ የሚናገረው የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው ከጠፋ በተፈጥሮ መንገድ የመውለድ ዕድሏ ሊጠብባት ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃው ከሌለ ክትባቱን እንደገና ለመወጋት ይገደዳል። በሥራ ላይ ወድቆ ወገቡ የተጎዳ ሰው የአካል ጉዳት ድጎማ የሚያገኘው በመዝገብ ነው። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በአካሉ ላይ ያለውን ጠባሳ የመረመረው ሐኪም የጻፈው ሪፖርት ከጠፋበት፣ ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱን አጣ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሕክምና ስህተት ልጁን ወይም ጤናውን ያጣ ሰው እውነቱን የሚያገኘው ከዚያው ከመዝገቡ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አባባሉ ለመዝገቡ ብቻ ሳይሆን ለአቤቱታውም ይሠራል።

«አልተገኘም» ሦስት ትርጉም አለው

አቤቱታ ከመጻፍ በፊት መለየት ያለበት ነገር አለ። «አልተገኘም» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊሸፍን ይችላል፤ ለእያንዳንዱም መሄጃው ይለያያል።

አንደኛው፣ መዝገቡ አለ፤ ነገር ግን በሌላ ስም ተቀምጧል። ይህ በእኛ ላይ በቀላሉ የሚደርስ ነው። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ መልክ የለውም፤ «ጸ» አንዱ ዘንድ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ ሌላው ዘንድ በ«ቲ» ብቻ ይጻፋል። አንዱ ጸሐፊ የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። የልደት ቀናችንም አንድ ጊዜ በኢትዮጵያ፣ ሌላ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ተመዝግቦ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች አዲስ የተወለደ ሕፃን ስም እስኪወጣለት ብዙውን ጊዜ «ቤቢ ቦይ» ወይም «ቤቢ ገርል» ተብሎ በእናቱ የቤተሰብ ስም ይመዘገባል። የእኛ እናቶች ደግሞ የባላቸውን ስም ስለማይወስዱ፣ ልጁ በኋላ በአባቱ ስም ሲፈለግ አይገኝም። ስለዚህ ፍለጋው በእነዚህ ስሞችና ቀናት ሁሉ እንዲካሄድ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሁለተኛው፣ መዝገቡ በሕግ የተወሰነው የማቆያ ጊዜ አልፎ ተወግዷል። በአሜሪካ የማቆያውን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው የክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። የሜዲኬር ክፍያ የሚቀበል ሆስፒታል በፌዴራል ደንብ ቢያንስ 5 ዓመት ማቆየት አለበት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ 5 ዓመት፣ ኒው ዮርክ 6 ዓመት፣ ካሊፎርኒያ 7 ዓመት፣ ቴክሳስ 10 ዓመት ለሆስፒታሎች ደንግገዋል። ለልጆች ጊዜው ይረዝማል፤ ልጁ አካለ መጠን ከደረሰም በኋላ የተወሰነ ዓመት ይጨመርበታል። የማቆያው ጊዜ ካለፈ አቤቱታ ብዙ ፍሬ የለውም፤ ሆኖም መዝገቡ መቼና በምን ደንብ እንደተወገደ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሦስተኛው፣ መዝገቡ ጊዜው ሳያልፍ በእርግጥ ጠፍቷል፤ ተሰርቋል፣ ተቃጥሏል፣ በጎርፍ ተበላሽቷል፣ ኮምፒውተሩን ሰርጎ ገቦች ቆልፈውታል፣ ወይም አንድ ሠራተኛ ይዞት ወጥቶ ጥሎታል። የአቤቱታው ዋና ቦታ ይህ ነው። ሆስፒታሉ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ካልነገረዎ ገና መልስ አላገኙም።

በአሜሪካ፦ ደረጃ በደረጃ

በአሜሪካ የነገሩ መሠረት በተለምዶ «ሂፓ» በመባል የሚታወቀው የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ፤ የሕሙማንን ምስጢርና መብት የሚመለከተው ደንብ ደግሞ ከሚያዝያ 2003 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ።

1. ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርጉ። ለሆስፒታሉ «ሜዲካል ሪከርድስ» ክፍል ቀን ያለበት የመጠየቂያ ደብዳቤ ወይም የሆስፒታሉን ፎርም ያስገቡ፤ ኮፒውን ለራስዎ ያስቀሩ። በፖስታ ከላኩት በፊርማ የሚደርስ ይሁን። ሆስፒታሉ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ተጨማሪ ጊዜ ካስፈለገው ምክንያቱንና የሚጨርስበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቆ አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ 30 ቀን መጨመር ይችላል። ለኮፒው ተመጣጣኝ ወጪ ሊያስከፍል ይችላል። የሕክምና ዕዳ ስላለብዎ ግን መዝገብዎን ሊከለክልዎ አይችልም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነጥብ እዚህ ላይ አለ። ሆስፒታሉ መዝገቡ እሱ ዘንድ ባይኖርም የት እንዳለ ካወቀ፣ ለማን ማመልከት እንዳለብዎ ሊነግርዎ ይገባል። ለምሳሌ የሆስፒታሉ ባለቤት ተለውጦ ወይም ክፍሉ ተዘግቶ ከሆነ መዝገቡን የተረከበ አካል ይኖራል። በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ብዙ ወገኖቻችን የሚያውቁት ፕሮቪደንስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 ሕሙማን አስተኝቶ ማከሙን አቁሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ሆስፒታሉ ተዘግቷል» ማለት «መዝገቡ ጠፍቷል» ማለት አይደለም። ማን እንደተረከበው የከተማውን ወይም የክፍለ ግዛቱን ጤና መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

2. ቅሬታዎን ለሆስፒታሉ ያስገቡ። ማንኛውም ሆስፒታል «ፕራይቬሲ ኦፊሰር» የሚባል የምስጢር ጥበቃ ኃላፊ አለው። ቅሬታ የት እንደሚቀርብና ማንን እንደሚያነጋግሩ፣ ሕክምና ሲጀምሩ በሚሰጥዎ የምስጢር አጠባበቅ ማስታወቂያ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህም ሌላ በሜዲኬር ደንብ መሠረት ሆስፒታሉ የሕሙማን ቅሬታ የሚሰማበት ሥርዓት ሊኖረው ግድ ነው። ውሳኔውንም በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የሚያነጋግሩት ሰው ስም፣ ቅሬታውን ለማጣራት የተወሰዱት እርምጃዎች፣ ውጤቱና ማጣራቱ የተጠናቀቀበት ቀን ሊሰፍሩ ይገባል። እነዚህን አራት ነገሮች ያልያዘ ደብዳቤ ቢመጣልዎ ይህንኑ ጠቅሰው ይመልሱት።

3. ለፌዴራሉ መንግሥት ያመልክቱ። ሂፓን የሚያስፈጽመው በጤናና ሰብአዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የሲቪል መብቶች ቢሮ ነው። አቤቱታው በኢንተርኔት ወይም በወረቀት በነፃ ይቀርባል፤ ጠበቃ አያስፈልገውም። የሆስፒታሉ ስም፣ የተፈጸመው ነገርና ጊዜው በግልጽ ይጻፍ። እዚህ ላይ ቀኑን ልብ ይበሉ፤ አቤቱታው ጥፋቱን ካወቁበት ወይም ማወቅ ከነበረብዎ ዕለት ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ቢሮው በቂ ምክንያት ሲቀርብለት ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል፤ ግን በዚያ አይተማመኑ። ሆስፒታሉ «እየፈለግን ነው፣ ትንሽ ይታገሡን» እያለ ስድስቱ ወር ሊያልፍብዎ ይችላልና፣ የሆስፒታሉን መልስ እየጠበቁም ቢሆን አቤቱታውን ማስገባት ይቻላል። አቤት ስላሉ ሆስፒታሉ ሊበቀልዎ ወይም ሕክምና ሊነፍግዎ በሕግ የተከለከለ ነው።

በአቤቱታው ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለይቶ መጻፍ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ኮፒ የማግኘት መብትዎ መጣሱ ነው። ሁለተኛው ሆስፒታሉ መዝገቡን በሚገባ አለመጠበቁ ነው። ደንቡ የወረቀት መዝገብም ቢሆን ተገቢ ጥበቃ እንዲደረግለት ያዛል፤ በኮምፒውተር ለተያዘው ደግሞ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲኖረውና ከአደጋ በኋላ ወደነበረበት የሚመለስበት ዕቅድ እንዲዘጋጅ ያስገድዳል። የጠፋው መዝገብ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል የሚል ሥጋት ካለም ሆስፒታሉ ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ ለባለመዝገቡ ማስታወቅ አለበት። የተጎዱት 500 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤትም በዚሁ ጊዜ ያሳውቃል።

4. ሌሎች በሮችም አሉ። የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ለሆስፒታሉ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ስለሆነ፣ የማቆያው ጊዜ ሳያልፍ መዝገብ ሲጠፋ አቤቱታ ይቀበላል። ጥፋቱ የአንድ ሐኪም የግል ክሊኒክ ከሆነ የክፍለ ግዛቱ የሐኪሞች ቦርድ አለ። ሆስፒታሎችን የሚመዝነው «ጆይንት ኮሚሽን» የተባለው ድርጅትም እሱ ዕውቅና በሰጣቸው ሆስፒታሎች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ይሰማል።

እንግሊዝኛው ቢከብድዎ አይፈሩ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በዋሽንግተን ዲ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሥራ ላይ ሲውል፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኗል። ለዚህ ጉዳይ ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ፤ መዝገቡ ውስጥ ልጅ ሊሰማው የማይገባ ነገር ሊኖር ይችላል።

አቤቱታ ሠርቶ ያውቃል?

«ለማን አቤት ይባላል? ሆስፒታል ከመንግሥት ጋር አንድ ነው» የሚል ወገን አይጠፋም። የተመዘገቡ ጉዳዮች ግን ሌላ ይናገራሉ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ሲግኔት ሄልዝ የተባለ የጤና ድርጅት ለ41 ሕሙማን መዝገባቸውን ሳይሰጥ ቀረ። ሕሙማኑ በ2008 እና በ2009 በየግላቸው አቤት አሉ። ድርጅቱ መዝገቡን ባለመስጠቱም ሆነ ከመርማሪዎች ጋር ባለመተባበሩ በየካቲት 2011 የ4.3 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለበት። በዚያ የምስጢር ደንብ ሲቀጣ የመጀመሪያው ይህ ድርጅት ነበር።

በዚያው ወር በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ምክንያቱ በ2009 አንድ ሠራተኛ የ192 ሕሙማንን ወረቀት ባቡር ውስጥ ረስቶ መውረዱ ነበር። ከሕሙማኑ መካከል የኤች.አይ.ቪ. ታካሚዎች ነበሩበት፤ ወረቀቱም አልተገኘም።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፍሎሪዳዋ እናት ታሪክ ነው። ይህች እናት በሴንት ፒተርስበርግ ከሚገኘው ቤይፍሮንት ሆስፒታል በማህፀኗ የነበረውን ልጇን የልብ ምት የሚያሳየውን መዝገብ በ2017 ጠየቀች። የተሰጣት መልስ «አልተገኘም» የሚል ነበር። እሷ ግን በዚያ አልቆመችም፤ ደጋግማ ጠየቀች፤ ለፌዴራሉ ቢሮም አመለከተች። «አልተገኘም» የተባለው መዝገብ ከብዙ ወራት በኋላ ተገኘ! ሆስፒታሉም በመስከረም 2019 85,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቢሮው ከዚያ ወዲህ ኮፒ የማግኘት መብትን በተመለከተ ከ50 በላይ ጉዳዮችን በስምምነት ወይም በቅጣት ቋጭቷል። ብዙዎቹ የተጀመሩት አንድ ሰው በጻፈው አቤቱታ ነው።

አቤቱታው የማያደርገው

እውነቱን ለመናገር አቤቱታ ሁሉን አይፈታም። ከላይ የጠቀስናቸው ገንዘቦች ለመንግሥት ገቢ የሆኑ እንጂ ለሕሙማኑ የተከፈሉ አይደሉም። ሂፓ ለግለሰብ በቀጥታ ክስ የመመሥረት መብት አይሰጥም። ካሣ የሚፈልግ ሰው በክፍለ ግዛቱ ሕግ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይኖርበታል፤ ለዚህም የራሱ የጊዜ ገደብ ስላለው በቶሎ ጠበቃ ማማከር ይገባል። አቤቱታ ማስገባት የክሱን ሰዓት አያቆመውም። ሆኖም ከቢሮው የሚመጣው ደብዳቤም ሆነ ሆስፒታሉ «ጠፍቶብኛል» ብሎ የጻፈው ወረቀት፣ ለጠበቃው፣ ለኢንሹራንሱ፣ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ይሆናል። መዝገብ ማቅረብ ያልቻሉት በእርስዎ ጥፋት እንዳልሆነ ያሳያልና።

በእንግሊዝና በአውሮፓ

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ ለእኛ ጉዳይ እጅግ የተመቸ ነው። ደንቡ በአጋጣሚ የደረሰን የመረጃ መጥፋት ራሱን እንደ ጥሰት ይቆጥረዋል፤ ሌላ ሰው አይቶታል ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥፋቱ በሰዎች መብት ላይ አደጋ የሚያስከትል ከሆነ ሆስፒታሉ ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለአገሩ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት፤ አደጋው ከፍተኛ ከሆነም ለሕመምተኛው ይነግራል። ኮፒ ሲጠየቅ በአንድ ወር ውስጥ መልስ ይሰጣል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2023 በሰጠው ውሳኔ የሕክምና መዝገብ የመጀመሪያው ኮፒ በነፃ እንደሚሰጥ አረጋግጧል። አቤቱታው የሚቀርበው ለመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ሲሆን በነፃ ነው፤ ካሣ ደግሞ በፍርድ ቤት ይጠየቃል።

የማቆያው ጊዜ እንደ አገሩ ይለያያል። በጀርመንና በስዊድን ቢያንስ 10 ዓመት፣ በሆላንድ 20 ዓመት ነው። የጀርመን ሕግ ከ2013 ወዲህ አንድ ጠንካራ ድንጋጌ አለው። ሐኪሙ አስፈላጊ የነበረን ሕክምና መዝግቦ ካልያዘ፣ ወይም መዝገቡን በሕጉ መሠረት ካላቆየ፣ ሕክምናውን እንዳልሰጠ ይገመታል። ይህ ማለት በክርክሩ ላይ የመዝገቡ መጥፋት የሚጎዳው ሕመምተኛውን ሳይሆን ያጠፋውን ወገን ነው።

በእንግሊዝም ተመሳሳይ መብት አለ። መዝገብ የመጠየቂያው ጊዜ አንድ ወር ነው፤ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ሌላ ሁለት ወር ሊጨመር ይችላል፤ ክፍያም የለውም። በመንግሥት ሆስፒታሎች የአዋቂ መዝገብ በአብዛኛው ከመጨረሻው ሕክምና በኋላ 8 ዓመት፣ የወሊድ መዝገብ 25 ዓመት፣ የልጅ መዝገብ ልጁ 25 ዓመት እስኪሞላው ይቆያል። ቅሬታው በ12 ወር ውስጥ ለሆስፒታሉ ይቀርባል፤ ሆስፒታሉም ቅሬታው እንደደረሰው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያስታውቃል። መልሱ ካላረካዎ ወደ ፓርላማና ጤና አገልግሎት እንባ ጠባቂ፣ የመረጃውን ጉዳይ በሚመለከት ደግሞ ወደ ኢንፎርሜሽን ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ። በዚያው አገር ደብዳቤ እንዲያደርስ የተቀጠረ አንድ ድርጅት ከ700,000 በላይ ከሕሙማን ጉዳይ ጋር የተያያዙ ወረቀቶችን ለባለቤቶቹ ሳያደርስ በመጋዘን አከማችቶ መገኘቱ በ2017 በመንግሥት ኦዲት ተገልጿል። እናም «የእኛ ወረቀት አይጠፋም» የሚል ሆስፒታል ካለ ይህን ማስታወስ ነው።

በዓረብ አገሮችና በአገር ቤት

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ የጤና መረጃ ከመጨረሻው ሕክምና በኋላ ከ25 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲቆይ ያዛል። አቤቱታው በዱባይ ለዱባይ ጤና ባለሥልጣን፣ በአቡ ዳቢ ለጤና መምሪያው ይቀርባል። ይሁንና በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ችግር ሌላ ነው። ወረቀቱን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ አሠሪው ነው፤ ወደ አገር ሲመለሱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲያ ከርቀት መጠየቅ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ከሆስፒታል በወጡ ቁጥር የመውጫ ወረቀቱን፣ የምርመራውን ውጤትና የሕመምተኛ ቁጥራቸውን በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ለሚያምኑት ዘመድ እንዲልኩ መምከር የሁላችንም ድርሻ ነው።

በአገር ቤትም ነገሩ እየተለወጠ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የመንግሥት ሆስፒታል በደል ሲሆን ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ለእረፍት ሲሄዱ የወላጆችዎን ካርድ ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ ከተቻለም ኮፒ ይጠይቁ።

የደብዳቤ ናሙና

የሚከተለውን በሚኖሩበት አገር ቋንቋ አስተርጉመው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

«ቀን ____። ለምስጢር ጥበቃ ኃላፊ፣ ____ ሆስፒታል። እኔ ____ ከ____ እስከ ____ ባለው ጊዜ በሆስፒታልዎ ታክሜአለሁ። የሕመምተኛ ቁጥሬ ____ ነው። ስሜ ____፣ ____ ወይም ____ ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ የልደት ቀኔም ____ ወይም ____ ተብሎ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። በ____ ቀን መዝገቤን በጽሑፍ ጠይቄ፣ በ____ ቀን አልተገኘም የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። በመሆኑም የሚከተለውን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ፦ አንደኛ፣ ፍለጋው በየትኞቹ ስሞችና ቦታዎች እንደተካሄደ፤ ሁለተኛ፣ መዝገቡ ተወግዶ ከሆነ መቼና በየትኛው ደንብ፤ ሦስተኛ፣ ጠፍቶ ከሆነ መቼ እንደጠፋና በሌላ ሰው እጅ ገብቶ እንደሆነ፤ አራተኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩን፤ አምስተኛ፣ ሌላ ዘንድ ካለ አድራሻውን። እስከ ____ ቀን መልስ ካላገኘሁ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አቤት የምል መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።»

ደብዳቤው አጭርና ጨዋ ይሁን። ቁጣና ስድብ አይግባበት፤ ይልቁንም ቀንና ስም ይብዛበት። ስልክ ሲደውሉም ያነጋገርዎትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን በአንድ ደብተር ላይ ይመዝግቡ።

የጠፋውን መልሶ መሰብሰብ

አቤቱታው መልስ እስኪያገኝ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የመዝገቡ ቁርጥራጭ በብዙ ቦታ ተበትኖ ይገኛል። ላብራቶሪው የራሱ ኮፒ አለው። የራጅና የኤም.አር.አይ. ማዕከሉ ፊልሙን ያስቀምጣል። ፋርማሲው የመድኃኒት ዝርዝርዎን ይይዛል። ኢንሹራንሱ በየትኛው ቀን ለምን ሕክምና እንደከፈለ ያውቃል። ሆስፒታሉ የላከዎት ስፔሻሊስት ደብዳቤ ደርሶት ይሆናል። የክትባት መዝገብ በአሜሪካ በአብዛኛው በክፍለ ግዛቱ የክትባት መዝገብ ቤት ይገኛል። እነዚህን ሰብስበው ለአሁኑ ሐኪምዎ ይስጡ፤ በመዝገብዎ ውስጥ እንዲያስገባውም ይጠይቁት። ለሆስፒታሉም ኮፒውን ልከው የጠፋውን መዝገብ እንዲተካ ማድረግ ይቻላል።

አዲስ መዝገብ ሲከፈትም ስምዎና የልደት ቀንዎ በፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው መጻፉን አይተው ያረጋግጡ። ይህች የአምስት ደቂቃ ሥራ የአምስት ወር ፍለጋ ታስቀራለች።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ መዝገቡ የታሪካችን ክፍል ነው። «አልተገኘም» ስንባል ከባንኮኒው ከመራቃችን በፊት አንዲት ጥያቄ እንጠይቅ፦ «ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ።» ይህችን ወረቀት የያዘ ሰው የሚቀጥለውን በር ማንኳኳት ይችላል። ይህን ጽሑፍ ላላነበቡ፣ በተለይ ቋንቋው ለሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ያነበባችሁ ብትነግሩልን ውለታችሁ አይረሳም።